ስድስተኛው ሳምንት፦ አማቼ

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ታሪክ ሆኑ። እያጋነንኩ አይደለም፤ የትምህርት ክፍላችን ደንብ ነው።

የማስተምረው ኮርስ «የጂኦግራፊ አስተሳሰብ ታሪክ» ይባላል። ሰው ለምን እዚህ እንጂ እዚያ አልሰፈረም፣ ከተማ ለምን እዚህ በቀለ፣ ገበያ ለምን እዚያ ደራ ለሚለው ጥያቄ ምሁራን በየዘመናቸው ምን እንደመለሱ፣ አንዱ የካበውን ሌላው እንዴት እንደናደው የሚተርክ ነው። ክፍሉን የመሠረቱት ሰዎች አንድ ደንብ ትተውልን ሄደዋል፦ በሥራ ላይ ያለ መምህር ታሪክ አይደለም። ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ሐሳቡ በዚህ ኮርስ አይነሳም፣ አይጣልም። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ግን አንድ ሳምንት ይመደብለታል። ማክሰኞ ለአንድ ሰዓት፣ ሐሙስም ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከባልደረቦቹ አንዱ ቆሞ ሰውየው ምን እንዳለና የቱ ጋ እንደሳተ ለተማሪ ይናገራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በመካከላችን ይህን ሳምንት «ቀብር» እንለዋለን። «የሱ ቀብር መቼ ነው?» «ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።» «ማን ይቀብረዋል?» እንባባላለን ኮሪደር ላይ፣ ሻይ ይዘን። አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊያችን አንድ ጊዜ ይህን ሰምታ በማግስቱ ጥቁር ለብሳ መጣች። ማንም ደፍሮ አላረማትም፤ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር እንደለበሰች ከረመች።

ስለዚህ ስድስተኛው ሳምንት አማቼ ሆኑ፤ ቀባሪዋም እኔ። ለመሸሽ ሞክሬ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ፣ ይህን ሳምንት ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ ሰውየው የባሌ አባት ናቸው፣ የምንኖረውም አንድ ጣሪያ ሥር ነው አልኩት። ኃላፊነቱን ከአማቼ የተረከበውን ይህን ሰው «ባለመሬቱ» እንለዋለን። በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ መሬቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ ተብራራ ማለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ኩባያው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይጠጣም።

«ኮርሱ የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ።»

«ታዲያ?»

ነገሩ የተወሰነው እንዲህ ነው።

አማቼን ተማሪዎች «ጋሽ ቀፎ» ይሏቸዋል። በወጣትነታቸው ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሐሳብ፣ መሬቱ ሜዳ ሰዉም ልባም ከሆነ ገበያዎች በቀፎ ውስጥ እንዳለ የማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን እየሆኑ ይደረደራሉ የሚል ነበር። መነሻው ቀላል ነው፦ ሰው ቅርቡን አልፎ ሩቅ አይሄድም። ከዚህች ከአንዲት ዐረፍተ ነገር ተነሥተው አራት ወፍራም መጽሐፍ ጻፉ። ቤት ውስጥም ያው ናቸው። የስኳሩ፣ የማንኪያውና የሻይ ቅጠሉ ቦታ በእርምጃ ተለክቶ የተወሰነ ነው። እማማ፣ ባለቤታቸው፣ ስኳሩን ወደምትፈልግበት ታዛውረዋለች፤ እሳቸው ይመልሱታል፤ እንደገና ታዛውረዋለች። ትዳራቸው በዚህ ሁኔታ ጸንቶ የኖረ ነው። እማማን በነጠላ የምጠራት ስለማላከብራት አይደለም፤ ገና ሙሽራ ሳለሁ «አንቱታው ያስረጀኛል» ብላ አስጥላኛለች።

ከአማቼ በፊት የክፍሉ ትልቅ ሰው «ጋሽ ቴርሞሜትር» ነበሩ። እሳቸው ደግሞ የሰውን ጠባይ የሚሠራው ሙቀትና ብርድ ነው ባይ ነበሩ። የክፍሉ ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ሰቅለው፣ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ በዚህ አየር ማሰብ አይቻልም ብለው ተማሪውን ያሰናብቱ ነበር። ተማሪዎች ይህን ከደረሱበት በኋላ ቀድመው እየገቡ ቴርሞሜትሩ ላይ በየተራ ይተነፍሱበት ጀመር። በዚያ ሴሚስተር ኮርሱ ግማሽ ድረስ እንኳ አልሄደም ይባላል።

የሳቸውን ቀብር የመሩት አማቼ ነበሩ። ያኔ ወጣት ናቸው፣ አፋቸው እሳት ነው። ጋሽ ቴርሞሜትር ሳይጠሩ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አማቼ ከሽማግሌው መጽሐፍ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡ፦ «በሞቃት ሜዳ የተወለደ ሰው የጀመረውን አይጨርስም።» ከዚያ ተማሪዎቹን ደራሲው የት እንደተወለዱ ጠየቁ። በሞቃት ሜዳ። ስንት መጽሐፍ ጀምረው ጨረሱ? አሥራ አንድ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቴርሞሜትር ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ዳግመኛም የግቢውን በር አልረገጡም። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሐኪሙ እርጅና ነው አለ።

ይህን ታሪክ አማቼ ድሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወሩት ነበር። «አሥራ አንድ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ጠረጴዛውን ይመቱታል። የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ መምታቱን ተዉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ታሪኩንም ተዉት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የሰውየው ሆድ ምን እንደሚል ለመገመት የጂኦግራፊ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር።

የቀብሩ ሳምንት ሲደርስ፣ እራት ላይ፣ ሾርባቸውን እያማሰሉ፣

«ስንት ስላይድ ነኝ?» አሉኝ።

«በቂ ነዎት አባባ።»

«ፎቶዬ አለበት?»

«አለበት። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው።»

«እሱ ላይ ክራባቴ ጠሟል።»

«ማንም አያየውም።»

«ቀጥ ያለ ነገር ሳስተምር ኖሬ በጠማማ ክራባት ልቀበር ነው» አሉ። ከዚያ ሾርባውን አንድ ጊዜ አማስለው፣ ቀና ሳይሉ፣ «መግባት ይቻላል?» አሉኝ።

የባለቤቴ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ማንም ሰው ገብቶ ማዳመጥ ይችላል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ነው። ሁሉን ነገር በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው ስለሚውል ለምዶበታል። መኝታ ቤት ስንገባ፣ «አደራሽን፣ ትንሽ ማደንዘዣ ነገር አድርጊበት» አለኝ።

«ትምህርት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ማለቴ ነው።»

«ዓይኑ ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለና መብራቱን አጠፋው።

ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ ደግሞ እማማ በሩ ላይ ያዘችኝ። የአማቼን ክራባት ራሷ አስራላቸው፣ ራሷ ኮታቸውን ቦርሻላቸው ነበር። «ልጄ» አለችኝ፣ «ሰውዬው ቆሞ ነው የሚወጣው። ቆሞ ይግባልኝ። ሌላ አልልሽም።»

እንግዲህ ሁላችንም የፈራነው አንድ ነገር ነበር። የአማቼ ሥራ ውስጥ አንድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሲነሣ ሁሉም የሚስቅበት ነገር አለ። ገበያው።

አንድ ወረዳ ካርታቸውን አምኖ አዲስ ገበያ ሠርቶ ነበር። በስሌታቸው መሠረት ባለ ስድስት ጎኑ መሀል፣ ለመንደሮቹ ሁሉ እኩል ቅርብ በሆነ ቦታ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ሚዛን፣ የውሃ ቧንቧ፣ የወንድና የሴት መጸዳጃ ቤት። «ማዕከል አምስት» ተባለ። በተመረቀ ዕለት ሻይና ዳቦ ስለነበረ ሕዝቡ ጢም ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሊገበያይ የመጣ የለም። ሰዎቹ ሸክማቸውን ይዘው ይመጡና ጣሪያው ሥር አረፍ ብለው፣ ከቧንቧው ጠጥተው፣ ተነሥተው ወደ አሮጌው ገበያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አሮጌው የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል፣ ጭቃ ነው፣ ሚዛኑም ይሰርቃል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና ማዕከል አምስት የፍየል ማደሪያ ሆኖ ቀረ።

ያ ባዶ ገበያ ለክፍላችን እንጀራ ሆነለት ብል ማጋነን አይሆንም። የጋሽ ቴርሞሜትር የመጨረሻ ደቀ መዝሙር ሄዶ ቆርቆሮው ሙቀት እንደሚያመጣ ጻፈ። ሌላው፣ ተፈጥሮ ዕድል ትሰጣለች ሰው ይመርጣል የሚለው፣ ሰዎቹ አለመምጣትን መረጡ አለ፤ ይህ ማብራሪያ ማንንም አላስቀየመም፣ ማንንም አልጠቀመም። ባለመሬቱ በዙሪያው ያለው መሬት የማን እንደሆነ ሲያጣራ ከርሞ፣ የወረዳው ሹማምንት ዘመዶች ቀድመው እንደያዙት ደረሰበትና መጽሐፍ አወጣ። በቅርቡ የተቀጠረው የሳተላይት ወጣት ደግሞ ከላይ ሲያየው ጣሪያው ስለሚያበራ «ንቁ ማዕከል» ብሎ መዘገበው። እስካሁን አላረመውም።

አማቼ ራሳቸው ስለ ጉዳዩ የጻፉት አንዲት መስመር ብቻ ነው፣ ያውም በግርጌ ማስታወሻ፦ «ነዋሪዎቹ ስለ ርቀት በቂ መረጃ የላቸውም።» ይህን ያሉት ያንን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን ሸክም ተሸክመው ስለሚመላለሱ ሰዎች ነው።

እኔም ከዚያው ገበያ ነው የበላሁት። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት እዚያ ነው፤ ሴቶቹን ቅርቡን ትታችሁ ለምን ትሄዳላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ እኅቴ እዚያ ናት አለችኝ። ሌላዋ፣ እዚህ ከማን ጋር ልጣላ? አለች። ሦስተኛዋ «አዲሱ ገበያ? የትኛው አዲስ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ጣሪያው ሥር ተቀምጣ። ከነዚህ መልሶች ተነሥቼ ቦታ ማለት ርቀት ሳይሆን በውስጡ ያለ ሰው ነው፣ ሰው የሚሄደው የሚያውቀው ወዳለበት ነው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ አማቼ ነበሩ። ያኔ ገና አማቼ አልሆኑም። ጽሑፌን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። የግርጌ ማስታወሻቸውን የማፈርስበት ምዕራፍ ላይ ግን የጻፉት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ቀጥዪ።» ከፍተኛውን ውጤት ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ገበያው አንድ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ እኔም አንሥቼባቸው አላውቅም። ቤተሰብ እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ታዲያ ገበያውን ዘለልኩት።

አማቼ ፊት ወንበር ላይ፣ ክራባታቸው ቀጥ ብሎ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ የሚያምር ትምህርት ሰጠሁ። «ፈር ቀዳጅ» አልኳቸው። «ለዘመናቸው» አልኩ፣ ደጋግሜ። «መሠረት የጣሉ» አልኩ። ስድስት ጎኖቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥልፍ አምረው ታዩ። ተማሪዎቹ በጨዋ ደንብ ጻፉ። አንድ ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በመጨረሻ ጥያቄ ካለ ስል ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ሊመጣ ይችላል።»

«ብዙ ማርክ አለው?»

አማቼ ተነሡ። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ፣ ለተማሪዎቹም እጅ ነሡ፣ በሩን በቀስታ ዘግተው ወጡ። ቆመው ገቡ ቤታቸው፤ እማማ በመስኮት አይታቸዋለች። እኔም አንድ መከራ አለፈ ብዬ ትንፋሼን አወጣሁ።

ማታ እራት አልበሉም። ሆዴን ቆረጠኝ አሉ። ረቡዕ ጠዋት ሻያቸውን ሳይነኩት ተዉት። እማማ ስኳሩን መስኮቱ ሥር፣ ጨርሶ በማይሆን ቦታ፣ አስቀምጣ ጠበቀች። አልመለሱትም። ይሄኔ እኔን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ኧረ ምንም ክፉ አላልኩም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አመሰገንኳቸው እኮ።»

«ፈር ቀዳጅ አልሽው?»

«አልኩ።»

እማማ ማንኪያውን አስቀመጠችና ስታየኝ ቆየች። «ሲሞት የሚባለውን በቁሙ አልሽበት» አለችኝ።

ክፍላቸው ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የትላንቱን ክራባት እንዳሰሩት ነው። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አስቀየምኩዎት?»

«ገበያው የታል?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው የተውኩት።»

«በዕድሜዬ ሰው ያከራከረ ነገር የሠራሁት እሱን ብቻ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ባለመሬቱ ከሱ መጽሐፍ አወጣ። አንቺ ከሱ ዶክተር ሆንሽ። ያንን አውጥተሽ ስድስት ጎኑን ብቻ አሳየሻቸው። አንዲቷም ልጅ አልተከራከረችሽም። ‹ልክ አይደለም› ያለሽ የለም። ስንት ማርክ አለው ነው ያለችሽ። እኔ በጋሽ ቴርሞሜትር ሳቅሁባቸው። ግን ሰዓቱን ሙሉ ታገልኳቸው። ከሳቸው ጋር የታገልኩትን ያህል ከማንም ጋር ታግዬ አላውቅም። አንቺ አልታገልሽኝም። አዘንሽልኝ።»

አንጀቴን በሉኝ። ተናደድኩም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያደርገኝ የሚችል እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ሐሙስ ገበያውን ካመጣሁት ይስቁብዎታል» አልኳቸው።

«እነሱ ይሳቁ። አንቺ ግን ታገዪኝ።»

«ቢጎዱስ? እማማ ምን ትለኛለች?»

«እማማሽ ስኳሩን መስኮት ሥር ስታደርግ አላየሁም መስሏት ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐሙስ የመጡት አርፍደው ነው፤ የተቀመጡትም የኋላ ወንበር ላይ። ስላይዶቹን አልከፈትኩም። የገበያውን ጣሪያ፣ ቧንቧውን፣ ሚዛኑን ሰሌዳ ላይ ሳልኩና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ስለ ፍየሎቹ ስደርስ የተኛው ሁሉ ነቃ። የእያንዳንዱን ሰው ማብራሪያ በተራ አመጣሁ፤ የሙቀቱን፣ የምርጫውን፣ የመሬቱን፣ የሳተላይቱን። ደንቡን መጣሴን አውቀዋለሁ፤ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ነው ያነሣሁት። ባለመሬቱ የፈለገውን ይበል። በመጨረሻ የአማቼን መጽሐፍ አንሥቼ የግርጌ ማስታወሻዋን አነበብኩ፦ «ነዋሪዎቹ ስለ ርቀት በቂ መረጃ የላቸውም።»

ክፍሉ ሳቀ። ጠረጴዛ የሚመታ አለ፣ ዓይኑን የሚጠርግ አለ። ሳቁ እኔ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ፤ አማቼ ከኋላ ተነሥተው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ምን ይዋጠኝ። እማማን በሩ ላይ ቆማ አሰብኳት።

ወደ በሩ አልሄዱም። በወንበሮቹ መሀል ባለው መተላለፊያ፣ አንዱን ቦርሳ ተሻግረው፣ ወደ ሰሌዳው መጡና ከእጄ ላይ ጠመኔውን ወሰዱ።

«ይቺ መስመር ስሕተት ናት» አሉ ለተማሪዎቹ። «ስጽፋትም አውቃለሁ። ተናድጄ ነበር። ሰርዟት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ወደ አንቺ። ሴትዮዋ እኅቴ እዚያ ናት አለችሽ?»

«አዎ።»

«እኅቷን እዚያ ማን ወሰዳት?»

«አግብታ ነው።»

«ማንን አገባች? የማታውቀውን ሰው? ገበያ ስትሄድ ያየችውን ነው ያገባችው። ገበያ የሄደችው የት ነው? በእግር የሚደረስበት።» ሰሌዳው ላይ ክብ ሣሉ፣ መሀሉ ላይ ነጥብ አደረጉ። «በእግር የሚደረስበት ይጋባል። የተጋባ ይዛመዳል። የተዛመደ ይናፈቃል። አንቺ ናፍቆት የምትይው ሌላ አይደለም፣ ርቀት ነው። ቆይቶ የተረሳ ርቀት።»

ተማሪዎቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። አንዱ «እውነት ነው» አለ። ያቺ የማርኳ ልጅ ወረቀት ገለበጠች። ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩበትን ነገር በአንድ ክብ ከእግሬ ሥር ሳቡብኝ።

«ለምሳሌ አንቺ» አሉ። እየጣማቸው መጣ። «ልጄን እንዴት አገባሽ? ቤታችን ስትመጪ አየሽው። ቤታችን ለምን መጣሽ? አማካሪሽ ስለነበርኩ። አማካሪሽ እንድሆን ለምን ጠየቅሽኝ? ከደረጃው ስትወጪ የመጀመሪያው በር የኔ ነው። ቅርቡን አልፈሽ አልሄድሽም። ይኸው ነው።»

አሁንስ ክፍሉ በኔ ሳቀ። ጆሮዬ ሥር ጋለ። በትዳሬ ያስቃሉ? ተማሪዎቼ ፊት?

«ስለ ርቀቱ በቂ መረጃ የለዎትም» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ።

«የመጀመሪያው በር የእርስዎ አልነበረም። እዚያ የገቡት ኃላፊ ከሆኑ በኋላ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የእርስዎ ቢሮ መጨረሻው ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ። የመጀመሪያው በር የባለመሬቱ ነበር። ክፍት ነበር። የሚቀጥለውም ክፍት ነበር። ሁሉንም አልፌ ነው የመጣሁት።»

ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። «ለምን?» አሉኝ። መከራከራቸው አልነበረም፤ ጠየቁኝ።

«ሌሎቹ ጽሑፌን የሚመልሱልኝ ንጹሕ አድርገው ነበር። ‹ጥሩ ነው› ብለው ጫፉ ላይ ፈርመው። የእርስዎ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ ነው የሚመለስልኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፣ እናቴም። እኔ የጻፍኩትን እያንዳንዷን ቃል ያነበበልኝ ሰው በሕይወቴ እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው ያን ሁሉ በር አልፌ የመጣሁት፣ አባባ።»

ተማሪ ፊት አባባ ብያቸው አላውቅም ነበር። ቃሉ አመለጠኝ።

አማቼ ሰሌዳውን፣ ክቡን፣ መሀሉ ላይ ያለችውን ነጥብ አዩ።

«ይኼን ለምን መመረቂያሽ ላይ አላሰፈርሽውም?» አሉ በመጨረሻ።

«ማስረጃ የለውም ብዬ ነው።»

«እኔ አለሁ አይደል?» አሉ።

ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ የማን ንድፈ ሐሳብ ተብሎ ይጻፍ?»

የጠየቀችው እኔን ነበር። የመለሱት እሳቸው ናቸው። «የሷ ነው» አሉ፣ ጠመኔውን ሳያስቀምጡ። «እኔ ደግሞ አልስማማም። እሱንም ጻፉ። ለምን እንደማልስማማ ማክሰኞ እነግራችኋለሁ።»

ማክሰኞ ክፍለ ጊዜው የኔ ነው። አልከለከልኳቸውም።